አሥሩ ቤትና መዝገቡ፦ የኢስሊ ሰንበታችን



እንደምታውቁት ከዚህ ካምፕ ሦስት መምህራን ለሥልጠና ወደ ናይሮቢ ሄደን ሰንብተን ተመልሰናል። ስለ ሥልጠናው ለባልደረቦቻችን በስብሰባ ስለተናገርን እዚህ አንደግመውም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ሌላ ነገር ነው፤ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኢስሊ ውስጥ በአንድ ፎቅ ቤት ግቢ ስላየነው የሰፈር ጸጥታ ስብሰባ። የእኛም ብሎክ በዚሁ ጉዳይ መነጋገር ስለጀመረ ያየነውን ብናካፍል ይጠቅማል ብለን ነው።

ከካኩማ ወደ ናይሮቢ መንገዱ ረጅም ነው። ሎድዋር፣ ኪታሌ፣ ኤልዶሬት፣ ናኩሩ እያሉ ወደ ደጋው መውጣት ነው። ነባር ነዋሪዎች እንደሚያስታውሱት ድሮ ከዚህ እስከ ሎድዋር መኪና ብቻውን አይሄድም ነበር፤ ሽፍታ ስለሚፈራ በፖሊስ ታጅቦ በሰልፍ ነበር የሚጓዘው። አሁን አስፋልቱ ተሠርቶ መንገዱ ተሻሽሏል። የእኛ ሐሳብ ግን ከሽፍታው ይልቅ ኪሳችን ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ነበር። ሙቭመንት ፓስ የምንለው የጉዞ ፈቃድ ቀኑ የተቆረጠ ነው፤ የእኛ አሥራ አራት ቀን። አውቶቡሱ ኬላ ላይ በቆመ ቁጥር እጃችን ወደ ደረት ኪሳችን ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ፣ ቦታውንም ሰውየውንም አንጠራም፣ ወረቀታችንን የተቀበለን ፖሊስ ገለባብጦ አየና «ማህተሙ ደብዛዛ ነው» አለን። ማህተሙ ደብዛዛ አልነበረም። ሁለት መቶ ሺሊንግ ሲጨመርለት ጠራለት። እንግዲህ ፖሊስና ነዋሪ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ለማየት የሄድነው ይህንን በሆዳችን ይዘን ነው።

ኢስሊን ያላየ ካለ ምን ብለን እንንገረው? ከመሀል ከተማ በ6 ወይም በ9 ቁጥር ማታቱ ይገባል። ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል። ከወረዱ በኋላ ጨርቅ፣ ወርቅ፣ ሽቶ፣ የግመል ወተት፣ ጫት፣ ስልክ፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ዳር ነው። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ1921 የተቆረቆረ ሲሆን በቅኝ ግዛት ዘመን በብዛት ሕንዶች ይኖሩበት ነበር። ዛሬ የምናውቀው የንግድ ኢስሊ የመጣው ግን ከ1991 ወዲህ፣ የሶማሊያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ነው። ጋሪሳ ሎጅ የተባለ ማደሪያ ቤት ነበር፤ ስደተኞቹ በየክፍላቸው አልጋ ላይ ዕቃ ዘርግተው መሸጥ ጀመሩ፣ ሎጁ ገበያ ሆነ፣ ገበያው ሌላ ገበያ ወለደ። አልጋ ላይ የተጀመረ ሱቅ ዛሬ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ ሆኗል። የእኛም ሰው ብዙ ነው። አንዱን ቅያስ ታጥፋችሁ ስትገቡ የቡና ሽታ ከመጣ አገር ቤት ደርሳችኋል ማለት ነው።

ያረፍነው ከእኛ በአንዱ የአክስት ልጅ ቤት ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ በአንዲት ክፍል ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች፤ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። የፎቁ በር ብረት ነው፤ አስካሪው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ይቆልፈዋል። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ደውሎ በስሙ ካልተጠራ አይገባም። እሑድ ከምሳ በኋላ «ጋሼ፣ ዛሬ ከታች የኒዩምባ ኩሚ ስብሰባ አለ፤ ካልወረድኩ ይቀየሙኛል» አለችን። እኛም ተከትለን ወረድን።

ኒዩምባ ኩሚ በኪስዋሂሊ «አሥር ቤት» ማለት ነው። ግቢው ውስጥ ልብስ ከተሰጣበት ገመድ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ አሥራ ሰባት ሰው ተቀምጧል። ሰብሳቢው ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው ጨርቅ ነጋዴ፣ የኬንያ ሶማሌ ናቸው፤ ሁሉም «ሙዜ» ይሏቸዋል። ጸሐፊዋ ምድር ቤት ፋርማሲ ያላት ወጣት ኬንያዊት ናት። ከጣቢያው የሚመጣው ኮርፖራል አርባ ደቂቃ አርፍዶ ደረሰ፤ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሻይ ተቀዳለት። (እዚህ ላይ ሻዩ እውነተኛ ሻይ ነው፤ ኬላው ላይ የሚጠየቀው «ቻይ» አይደለም።)

የመጀመሪያው አጀንዳ አምፖል ነበር። ከፎቁ ጀርባ ያለው ጠባብ መንገድ መብራቱ ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖታል። ናይሮቢ ድሃ ሰፈሮች ውስጥ በረጅም ምሰሶ ላይ የሚተከሉ ትልልቅ መብራቶች አሉ፤ ሕዝቡ «ሙሊካ ምዊዚ» ይላቸዋል፣ ሌባው ላይ አብራበት እንደማለት። እነሱ ጋ ግን ምሰሶው የለም፣ ያለችው ግድግዳ ላይ የተሰቀለች አንዲት አምፖል ናት። ለአምፖሏ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቁ። አንዱ «ለካውንቲው እንከፍላለን፣ ደግሞ ለምን እናዋጣለን?» ይላል። አንዷ «ካውንቲው እስኪመጣ ልጄ ትዘረፍ?» ትላለች። አንዱ ደግሞ አምፖሉ ቢገባም ሌባው ራሱ ነቅሎ ይወስደዋል ባይ ነው። በመጨረሻ በየቤቱ መቶ መቶ ሺሊንግ ተዋጥቶ አምፖሉ የሽቦ ቀፎ እንዲደረግለት ተወሰነ። እውነቱን ለመናገር ከሰማነው ሁሉ ደስ ያለን ይኼ ነው። የትኛው ቤት ከፈለ፣ የትኛው አልከፈለም ሁሉም ያየዋል። መብራቱም ሲበራ ሁሉም ያየዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ በሞተር ብስክሌት እየመጡ ስልክ የሚነጥቁ ልጆች ናቸው። በእሱ ላይ ብዙ አልቆዩም፤ ፊሽካ ይገዛ ተባለ።

ሦስተኛው ላይ ነው ጆሯችን የቆመው። አንድ ተከራይ ተነስቶ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለገባ ወጣት ተናገረ። «ማታ ይወጣል፣ ጠዋት ይመለሳል፣ ከማንም አይነጋገርም፣ ሥራውን የሚያውቅ የለም» አለ። ኮርፖራሉ ብዕሩን ከኪሱ አወጣ። እኛ እርስ በርስ ተያየን። ወዲያው ጸሐፊዋ «ኧረ እሱ ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው፣ የሌሊት ፈረቃ! እኔ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ከእሱ ነው የምገዛው» አለች። ሁሉም ሳቀ፣ ተናጋሪውም ሳቀ፣ ኮርፖራሉም ብዕሩን መለሰ። እኛ ግን መሳቅ አቃተን። ጸሐፊዋ ያን ቀን ባትኖርስ? ዳቦ ባትወድስ?

ለምን እንደደነገጥን አንባቢ ይገባዋል። አገራችን ላይ «አሥር ቤት» የሚል ነገር ስንሰማ ሌላ ነገር ነው ትዝ የሚለን። ወላጆቻችን ስለ ቀበሌና ስለ አብዮት ጥበቃ የነገሩን አለ፤ በቀይ ሽብር ጊዜ ማታ ማን ቤት እንግዳ እንዳደረ የሚያውቅ ጎረቤት ሕይወት ያሳጣ ነበር። እኛ ራሳችን መምህራን ሆነን ያየነው ደግሞ አንድ ለአምስት ነው። መጀመሪያ ለትምህርት ጥራት፣ ለጤና፣ ለማዳበሪያ ተባለ፤ ቀጥሎ ግን አንዱ ስለ ሌሎቹ የሚጠየቅበት ሆነ። በስብሰባ ያልተናገረም ተጻፈበት፣ የተናገረም ተጻፈበት። አንዳንዶቻችን እዚህ ካምፕ የደረስነው ከዚያው መዝገብ ሸሽተን ነው። ስለዚህ መዝገብ ይዞ የሚመጣን ሰው «እሰይ» ብለን አንቀበልም።

የኬንያዎቹም ነገር ቢሆን ታሪኩ ቀላል አይደለም። አሥር ቤት የሚለው አሠራር መጀመሪያ የታንዛኒያ ነው፤ በ1960ዎቹ የገዢው ፓርቲ የታችኛው እርከን ነበር። ኬንያ ውስጥ ፖሊስና ማኅበረሰብ አብረው ይሥሩ የሚለው ዕቅድ በ2005 በፕሬዚዳንት ኪባኪ ጊዜ ተጀመረ፣ ብዙም ሳይራመድ በ2007 መጨረሻ የምርጫው ረብሻ መጣ። ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ፣ ጉዳዩን ያጣራው የዋኪ ኮሚሽንም ፖሊስን ክፉኛ ወቀሰ። ከዚያ በኋላ በ2010ሩ ሕገ መንግሥት የፖሊስ «ኃይል» የሚለው ስም ቀርቶ «አገልግሎት» ተባለ። በ2011 በወጣው የፖሊስ ሕግም ነዋሪዎች ከጣቢያው አዛዥ ጋር የሚመክሩበት ኮሚቴ እንዲኖር ተደነገገ፤ ፖሊስን የሚቆጣጠር ኢፖአ የሚባል ነጻ መሥሪያ ቤትም በዚያው ዓመት በሕግ ተቋቋመ። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው።

ኒዩምባ ኩሚ በአገር አቀፍ ደረጃ የታወጀው ግን በሰላሙ ጊዜ አይደለም፤ በመስከረም 2013 ዌስትጌት የገበያ አዳራሽ ላይ 67 ሰው ከተገደለ በኋላ፣ ሁሉም ጎረቤቱን በጥርጣሬ በሚያይበት ጊዜ ነው። ስድስት ወር እንዳለፈው፣ በሚያዝያ 2014 ኡሳላማ ዎች የተባለው ዘመቻ ኢስሊን አጥለቀለቀው። ኡሳላማ ማለት ደኅንነት ማለት ነው። ወደ 4,000 ሰው ታፈሰ፤ ብዙው ካሳራኒ ስታዲየም ውስጥ ተይዞ ሰነበተ፣ ከ300 በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ ሞቃዲሾ ተላኩ፣ ሌሎች ወደ ዳዳብና ወደዚህ ወደ ካኩማ ተጫኑ። በዚያ ጊዜ የመጡ ጎረቤቶች ዛሬም አብረውን አሉ፣ ምን እንዳሳለፉ እነሱን መጠየቅ ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር ውስጥ ነው እንግዲህ «ስማችሁን አስመዝግቡ፣ ለደኅንነታችሁ ነው» የተባለው። የአክስታችን ልጅ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አላስመዘገበችም ነበር። ስብሰባውን በበር ቀዳዳ ነበር የምታየው።

ወደ ግቢው እንመለስ። ሻዩ ሲያልቅ ኮርፖራሉ «ሙዜ፣ እስቲ የተከራዮቹን ዝርዝር ኮፒ ስጡኝ፣ ጣቢያ ፋይል ይደረጋል» አለ። በትሕትና ነው ያለው። ቢሆንም ግቢው ጸጥ አለ፤ ገመዱ ላይ የተሰጣው አንሶላ ሲርገበገብ ይሰማ ነበር። ሙዜ መዝገቡን ከጉልበታቸው ላይ አላነሱትም። «ይህ ለመጠራራት የተጻፈ ነው» አሉ። «ሰው የምትፈልጉ ከሆነ ስሙን ይዛችሁ ኑ፣ እኔ ራሴ በሩ ድረስ እወስዳችኋለሁ።»

«ሙዜ፣ አታምኑኝም ማለት ነው?» አለ ኮርፖራሉ፣ ፈገግ ብሎ።

«አንተንማ አምንሃለሁ ልጄ። ከአንተ በኋላ ተዛውሮ የሚመጣውን ግን አላውቀውም።»

ኮርፖራሉ ሳቀና የሰብሳቢውንና የጸሐፊዋን ስልክ ቁጥር ብቻ ጽፎ ሄደ። ተቆጥቶ ይሁን ሳይቆጣ እኛ አልለየንም። በኋላ መዝገቡን እንድናየው ሙዜን ለመንናቸው፣ አሳዩን። ስም ሙሉ የተጻፈበት ጥቂት ነው። ፎቅ፣ የክፍል ቁጥር፣ ስልክ። የእኛዋ «ፎቅ 4፣ ማማ እንጀራ» ተብላለች። ዜግነት የሚል ዓምድ የለውም። ድሮ ነበረ አሉን፣ ጸሐፊዋ በማስመሪያ ሰርዛዋለች።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ምን ጠቀመ?» ሊል ይችላል። እኛም ያው ጥያቄ ነበረን፤ መልሱን ያገኘነው በማንፈልገው መንገድ ነው። ረቡዕ ማታ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ከእኛ አንዱ መንገድ ዳር ቆሞ ስልክ ሲያናግር ሞተር ብስክሌት መጥቶ ነጠቀው። ስልኩስ ይሁን፤ ከስልኩ ሽፋን ጀርባ የስደተኛ መታወቂያው ነበረ። ብዙዎቻችን እዚያው እንደምናስቀምጥ እናውቃለን፤ ከዛሬ ጀምሮ አታስቀምጡ። የጉዞ ፈቃዱ ሊያልቅ ሦስት ቀን ነው የቀረው። ያለ መታወቂያ እነዚያን ሁሉ ኬላዎች እንዴት እናልፋለን? አምልጠን ቤት ገብተን ዝም ልንል ነበር። ስደተኛ ማታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ በእግሩ ይሄዳል እንዴ?

የአክስታችን ልጅ ናት ለጸሐፊዋ የደወለችው። ጸሐፊዋ ፋርማሲዋን ለረዳቷ ትታ መጣች። ጣቢያው የት እንደሆነ አንጽፍም። ተረኛው ስለ ስልኩ ከመጠየቁ በፊት «ወረቀት!» አለ፣ ፓሱን ወስዶ ጠረጴዛው ማዶ አስቀመጠው። ልባችን ወደቀ። ጸሐፊዋ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ በኪስዋሂሊ «ይህ ሰው እንግዳችን ነው፣ የእኛ ፎቅ ነው፣ አራተኛ ላይ። የጠፋበትን ሊያስመዘግብ ነው የመጣ» አለች፤ ቀጥላ የኮርፖራሉን ስም ጠራች። ተረኛው ቀና ብሎ አያት። ፓሱ ተመለሰ። ኦቢ በሚባለው ትልቁ የጣቢያ መዝገብ ላይ ጉዳዩ ተጻፈ፣ ቁጥሩ በቁራጭ ወረቀት ተሰጠን፤ በማግስቱም የፖሊስ አብስትራክት አገኘን። በዚያ ወረቀትና በፓሱ ነው ጓደኛችን ካኩማ የገባው። ስልኩ እስከ ዛሬ አልተገኘም፣ ይገኛል ብለንም አንጠብቅም።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ስለማያውቀው እንጻፈው፦ ለፖሊስ ያመለከተ ሰው የኦቢ ቁጥር ሳይቀበል ከጣቢያ አይውጣ፤ ያለዚያ ነገሩ እንዳልተነገረ ነው። መታወቂያ ለጠፋበት አብስትራክቱ ምትክ ለመጠየቅ ያስፈልጋል። የተያዘ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ቀኑ የፍርድ ቤት የሥራ ቀን ካልሆነ ደግሞ በሚቀጥለው የሥራ ቀን፣ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 የተጻፈ ነው፣ ለዜጋ ብቻም አይደለም። የፖሊስ ቦንድ በነጻ ነው። ገንዘብ ተይዞ የሚለቀቅ ከሆነ ደረሰኝ ጠይቁ።

ከጉዞው ስንመለስ ያን ፎቅ ገነት አድርገን ልንስለው አንፈልግም። ሁሉም ፎቅ እንዲህ ያለ ሙዜ የለውም። አንዳንድ ቦታ ሰብሳቢው የባለቤቱ ዘመድ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ኮሚቴው ስሙ እንጂ ሥራው የለም ብለውናል። በሰኔ 2024 በግብር ሕጉ ተቃውሞ ወጣቶች በጥይት ከተገደሉ ወዲህ ደግሞ ብዙ የኬንያ ልጆች ከፖሊስ ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ አይፈልጉም። ጸሐፊዋም ወንድሟ በዚህ ጉዳይ ሲሳደብባት እንደሚውል ነግራናለች። «እሱም ልክ ነው፣ እኔም ልክ ነኝ» ነው ያለችን።

አሁን ወደ ቤታችን። ራሽኑ በ2025 ከተቀነሰ ወዲህ ብሎካችን ውስጥ ማታ ማታ ምን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ድስት ከእሳት ላይ ተነስቶ ሄዷል። ሶላር ከጣሪያ ተነቅሏል። ሲፒፒቲ የምንላቸው የማኅበረሰቡ ጥበቃ ልጆች የቻሉትን ይሠራሉ፣ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ በየቅያሱ መድረስ አይችሉም። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የብሎክ መሪያችን አዲስ ደብተር ይዞ ቤት ለቤት ዞረ። በየአሥር ቤቱ አንድ ተጠሪ፣ የእያንዳንዱ አባወራና እማወራ ስም፣ የመጡበት አካባቢ፣ የቤተሰብ ቁጥር። የብሎክ መሪያችን ደግ ሰው ነው፤ ይህን የምንጽፈውም እሱን ለመንቀፍ አይደለም፣ አስቀድመን ነግረነዋል።

እኛ ጋ ሲደርስ ቡና ተፈልቶ ስለነበር አስቀመጥነው። «የመጡበት አካባቢ የሚለው ለምን አስፈለገ?» አልነው። ከሌላ ብሎክ ፎርም ላይ እንደገለበጠው ነገረን። «ደብተሩስ ሌሊት የት ያድራል?»

«ራስጌዬ ነው እንጂ፣ የት ያድራል ጋሼ?»

«ጣቢያው ኮፒ ስጠኝ ቢልህስ?»

ሲኒውን አስቀመጠና ብዙ ዝም አለ። ልጁ ደብተሩን ሊያይ ሲታገል እጁን መታ አደረገው። በመጨረሻ «ይህን እኔ ብቻዬን አልመልስም፤ ስብሰባው ይወስን» አለ። እኛም የቤት ቁጥራችንንና ስልካችንን ጻፍን፤ የመጡበት አካባቢ የሚለውን ዓምድ ባዶ ተውነው። ለፊሽካና ለበር ላይ መብራት ሃምሳ ሃምሳ ሺሊንግ ሰጥተን ስማችን ተጻፈ። የሰጡት ሰዎች ዝርዝር በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል።

ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ዛፉ ሥር ነው። ወንበር ስለማይበቃ ዱካ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።